ከቆላ ያልመጣው ፈንጣጣ

ከመካነ ሰላም ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ የደጋ መንደር ዘይነባ ይማም የምትባል ሴት ነበረች። ሙያዋ መክተብ ነው። በዚያ ዘመን በእሷ አገር ክትባት ማለት ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ፈንጣጣ ቀለል አድርጎ ከለቀቀው ሰው ገላ ላይ የሚረግፈውን ቅርፊት ታነሳለች፤ አድርቃ ታደቅቀዋለች፤ በማር ለውሳ በፍየል ቀንድ ውስጥ ታኖረዋለች። ልጅ ሲያመጡላት ክንዱን በምላጭ ጫር ታደርግና ከዚያች ማር ትቀባዋለች። ልጁ በሳምንቱ ያተኩሰዋል፣ ጥቂት ፍሬ ይወጣበታል፣ ከዚያ ይድናል። አንዴ ከዳነ ፈንጣጣ ዕድሜ ልኩን ዞር ብሎ አያየውም።

ሙያውን ያወረሷት አባቷ ሸህ ይማም ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን እየያዘ ደጃቸው ሲሰለፍ ያደገችው ዘይነባ፣ ወንድም ስላልነበራት ቀንዱ ለእሷ ደረሰ። ሸህ ይማም ሊሞቱ ሲሉ አጠገባቸው አስቀምጠው ሦስት ነገር አስማሏት።

«የከሳ ልጅ አትክተቢ። የከተብሽውን ልጅ ቅርፊቱ ሙልጭ ብሎ እስኪረግፍ ከቤት አታስወጪ። ፈንጣጣ ባልገባበት አገር ቀንዱን አትክፈቺ። ሦስቱን ካልጠበቅሽ፣ ልጄ፣ በሽታው አንቺ ነሽ።»

ዘይነባ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠበቀች። በከተበቻቸው ልጆች ሠርግ በልታለች፤ የልጆቻቸውንም ልጆች ከትባለች።

በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ግን ክፉ ቀን መጣ። ዝናቡ ከቆላው ከራቀ ዓመት አልፎት ነበር፤ ሐምሌ ላይ ሰዉ በወረኢሉ በኩል ወደ ደጋው ይፈልስ ጀመር። ግመሉ አልቆበት፣ ከብቱ አልቆበት፣ ልጁን በትከሻው አዝሎ የሚመጣ ሰው ነው። መካነ ሰላም ገበያ ዳር በባሕር ዛፍ እንጨትና በጆንያ ዳስ ተጣለላቸው። ደገኛውም ቢሆን ጎተራው ባዶ ነበር። ለመንደሩ ሰው የእርዳታ ስንዴ በወር አንዴ ይሰፈራል ተባለ።

ወሬው ከስደተኛው ቀድሞ ይደርስ ነበር። በወረኢሉ መንገድ ፈንጣጣ አለ አሉ። ያየ ሰው አልነበረም፤ የሰማ ግን ሁሉም ነበር።

በሐምሌ ሚካኤል ዕለት ጎረቤቷ ይታይሽ መጣች። ይታይሽ ባሏ ለጉልበት ሥራ ወደ ሰቲት ሄዶ የቀረባት፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት። የአራት ዓመት ልጇን አበቡን አዝላለች።

«እትዬ ዘይነባ፣ አበቡን ይክተቡልኝ።»

ዘይነባ የልጅቷን ክንድ ይዛ አየችው። ጣቶቿ ዙሪያውን ገጥመው ተረፉ።

«ይታይሽ፣ ይቺ ልጅ ሥጋ የላትም። ክትባት ሥጋ ይፈልጋል። መኸር ይድረስና…»

«በሽታው ሲመጣ መኸር እስኪደርስ ይጠብቃታል?» ይታይሽ ተንበረከከች። «አፈር ስሆን! ከቆላ የሚመጣውን ሰው እያዩት አይደለም? ነገ ገበያው በፈንጣጣ ቢሞላ ምን ልይዝ ነው? ስንዴ የለኝ፣ ባል የለኝ። እጅዎ ብቻ ነው ያለኝ።»

ዘይነባ ቀኑን ሙሉ አመነታች። ፈንጣጣ አገሩ አልገባም፤ ልጅቷም ከስታለች። ደግሞ ቢገባስ? እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ሕፃናት ቢረግፉ ለአላህ ምን ትላለች? ሲመሽ ቀንዱን ከፈተች። አበቡን ከተበች። በማግስቱ ይህን የሰሙ ሌሎች እናቶች መጡ፤ አንዷን እሺ ብሎ ሌላዋን እንቢ ማለት አልሆነላትም። በሁለት ቀን አሥራ አንድ ልጅ ከተበች። አሥራ አንዱም ከሲታ ነበሩ።

በስምንተኛው ቀን ልጆቹ አተኮሳቸው። እንደ ደንቡ ነው ብላ አልደነገጠችም። ሲወጣባቸው ግን ደነገጠች። ሌላ ጊዜ ሃያ ሠላሳ ፍሬ የሚወጣበት ልጅ ፊቱ አልታይ እስኪል ተሸፈነ። ዘይነባ ከቤት ቤት እየዞረች «አታስወጧቸው፣ ማንም እንዳይገባባቸው» ትል ነበር። የስንዴ መስፈሪያው ቀን ያን ጊዜ ደረሰ። ሰፋሪዎቹ ደግሞ ያልታየ አፍ አይሰፈርለትም አሉ።

ጠዋት እናቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው አዝለው ሲወጡ ዘይነባ መንገዱ አፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«በአላህ! አሁን ይተላለፋል። ቅርፊቱ ይርገፍ።»

«ቤት አስተኝቼ በረሃብ ትሙትልኝ?» አለች ይታይሽ። ሳትቆም አለፈቻት። ሌሎቹም አለፉ። ያን ቀን ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በገበያው ዳር፣ ከቆላ በመጡት ሰዎች መካከል ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አበቡ ሞተች። በአራተኛው ቀን ሌላ አንድ ወንድ ልጅ ተከተላት። ዘጠኙ ተረፉ። በቀብሩ ላይ ዘይነባ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች፤ አንድም ሰው ግን አልወቀሳትም። ይታይሽ እንዲያውም አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። «ፈንጣጣው ከክትባቱ ቀድሟት ነው እንጂ የእርስዎ እጅማ የታወቀ ነው። እነዚያ የቆላ ሰዎች ናቸው ያመጡብን።»

ዘይነባም አቀፈቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የይታይሽን ቃል ለራሷ ትደጋግመው ጀመር። ቀድሟት ነው። ከቆላ ነው። ቀን ሲሆን ታምነዋለች።

ከቡሄ ወዲህ በዳሱ ውስጥ ያሉት ስደተኞች ይታመሙ ጀመር። ጳጉሜ ሳይገባ አሥራ አራት ሰው ተቀበረ። የመንደሩ ጭቃ ሹም የነበሩት አቶ ቢተው በየደጁ እየዞሩ «ሞትን በጆንያ አጥረን አስቀምጠናል» ማለት ያዙ። ውኃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ የመጡ ሁለት የቆላ ሴቶች በድንጋይ ተባረሩ። የአንዷ ግንባር ተፈነከተ። ዘይነባ ከበሯ ላይ ቆማ አየች።

መስከረም ገባ። ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ የሚል ወሬ በራዲዮ ተሰማ፤ ከተማው ውስጥ ማን ለማን እንደሚያዝ ጠፋ። ረመዳንም ገባ፤ ለዚያ አገር ሰው ግን ጾሙ ከገባ ቆይቶ ነበር። በዚያው ሰሞን አድማሴ የሚባል ወጣት በእህል መኪና ላይ ተጭኖ ከደሴ መጣ። የተንታ ልጅ ነው፤ አጅባር ተምሮ ለፈንጣጣ ማጥፊያ ሥራ የተቀጠረ። በትከሻው ቦርሳ አለ፤ በቦርሳው ውስጥ ብልቃጥ፣ ጫፉ እንደ መንሽ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀጭን መርፌ፣ ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድና አንድ ደብተር አለ። ደብዳቤውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሰጥ ዘበኛው ማኅተሙን አገላብጦ «ይሄ የማን መንግሥት ነው?» አለው። አድማሴም «የፈንጣጣ» ብሎ አለፈ ይባላል።

ስደተኞቹን በሦስት ቀን ከትቦ ጨረሰ። የመንደሩ ሰው ግን እንቢ አለው። «እኛ በዘይነባ እጅ ተከትበናል» አሉት። አድማሴ አልተቆጣም። በየቤቱ እየገባ ቀን ይጠይቅ ጀመር። የሰዉ ቀን በበዓል ስለሆነ እሱም በበዓል ጠየቀ። ይሄ ልጅ ያተኮሰው ቂርቆስ ዕለት ነው ወይስ ማግስቱን? ያቺ የቆላ ሴት ስትታመም ቡሄ አልፏል? የነገሩትን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። በአምስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የዘይነባን ደጅ አንኳኳ።

«ግባ፣ ልጄ። ጾም ላይ ነኝ፤ የማቀርብልህ የለም።»

«አብሽሩ፣ እትዬ። የመጣሁት ልጠይቅዎ ነው።» ተቀመጠና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ። «የቆላዎቹ ሲመጡ አንድም የታመመ አልነበረባቸውም። ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ከቡሄ በፊት ያተኮሰው የለም። የዚህ መንደር ልጆች ግን የወጣባቸው ከፍልሰታ በፊት ነው። የስንዴው ቀን ደግሞ አንድ ላይ ውለዋል። ፈንጣጣ ከያዘ በኋላ እስኪያተኩስ ሁለት ሳምንት ያህል ይደበቃል። ከስንዴው ቀን ሁለት ሳምንት ቢቆጠር ቡሄ ላይ ይደርሳል።»

ዘይነባ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ቀንድ አየች።

«ከቆላ ወደ ደጋ አልወጣም፣ እትዬ። ከዚህ ነው ወደ እነሱ የሄደው። እዚህስ በምን ገባ?»

ዘይነባ ማስላቱን ከእሱ በፊት ጨርሳው ነበር። ሌሊት ሌሊት፣ ሳትወድ፣ ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ሁሌም የሚመጣላት ያው ነው። ተነሣችና ከግድግዳው ላይ ቀንዱን አውርዳ ፊቱ አስቀመጠች።

«በዚህ ገባ። ልታስረኝ ነው የመጣኸው?»

«ዛሬ ማን ያስራል? አሳሪዎቹ ራሳቸው ታስረዋል።»

አልሳቀችም። ስለ አባቷ ነገረችው፤ ሦስቱን ሕግ አንድ በአንድ ነገረችው። አድማሴ ሲሰማ ቆይቶ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ኮርስ ላይ ሳለን አስተማሪያችን አንድ ነገር ነግሮን ነበር። እኔ ሐሰት መስሎኝ ደግሜ ጠይቄዋለሁ። ፈረንጆች ክትባት አያውቁም ነበር፣ እትዬ። ሐኪሞቻቸው ከሕፃናቶቻቸው ጋር አብረው በፈንጣጣ ያልቁ ነበር። የተማሩት ከማን መሰለዎ? በቱርክ አገር ፈንጣጣውን በለውዝ ቅርፊት ይዘው ቤት ለቤት ከሚከትቡ አሮጊቶች። እንደ እርስዎ ካሉ ሴቶች። አንዲት የፈረንጅ ወይዘሮ አይታ ልጇን አስከተበች፤ ወደ አገሯ ወሰደችው። ከዚያ ሰባ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ ነው ከላም ጡት የሚይዝ ቀላል በሽታ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ የታወቀው። ይሄ መርፌ የመጣው በዚያ በኩል ነው። እናቱ የእርስዎ ቀንድ ናት።»

«ታዲያ ለምን ገደለ?»

«የእርስዎ ራሱ ፈንጣጣው ነዋ። ሕይወት አለው። ክንዱን ከጫሩት ልጅ ወደ ወንድሙ፣ ወደ ጎረቤቱ ይዘልላል። የእኔ ፈንጣጣ የለበትም። አባትዎ ይህንን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር። ሕጎቹን ያወጡት ለዚህ ነው።»

ዘይነባ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ያን ጊዜ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አድማሴ ተነሥቶ ደጅ ወጥቶ ቆመ።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ቢተው ሰዉን መስኩ ላይ ሰበሰቡ። ከሰማንያ የማያንስ ወንድ ዱላ ይዞ መጣ። ነገሩ አጭር ነበር። ወደ ገበያው ይወረዳል፣ ዳሱ ይቃጠላል፣ ስደተኛው በመጣበት ይባረራል። አድማሴ ሊናገር ሞከረ፤ «አንተ የመንግሥት ሰው! መንግሥትህ የታለ?» ብለው ድምፁን ዋጡት።

ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ወደ መሐል ገባች። ከቢተው ፊት ቆመች።

«ዳሱ ከመቃጠሉ በፊት የእኔ ቤት ይቃጠል» አለች።

ሰዉ ቀልድ መስሎት ተንጫጫ። ድምፅ ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«ፈንጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አገሩ አልገባም ነበር፤ ቀንዱን ከፍቼ አስገባሁት። አባቴ የከሳ አትክተቢ ብለውኝ ከሲታ ከተብኩ። ከልጆቻችን ነው ወደ ቆላዎቹ የሄደው፤ ስንዴ ስትቀበሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ። እነሱ እንግዶቻችን ነበሩ። አሥራ አራት ቀብረዋል፤ እኛ ደግሞ በድንጋይ ፈነከትናቸው። ወላሂ፣ ቃሌ ይህ ነው። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ዱላ የያዘ ሁሉ ዱላው በእጁ ላይ ከበደው።

ይታይሽ ከጥግ ተነሣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። መጥታ ዘይነባ ፊት ቆመች። የምትመታት መስሎት አንድ ሽማግሌ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

«ታውቂ ነበር?»

አንቺ አለቻት። ይታይሽ ከተወለደች ጀምሮ ዘይነባን አንቺ ብላ አታውቅም።

«ሕጉን አውቅ ነበር።»

«ስለምንሽ ጊዜ እንደሚገድል ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትተርፋለች ብዬ…» አለች ዘይነባ።

ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከኋላዋ አንድ ሁለት ሰው ሄደ፣ ከዚያ አምስት። ዳሱ ላይ የወረደ የለም። አቶ ቢተው «ይቺ ሴት ከመንደር ትውጣ!» ብለው ጮኹ፤ ሰዉ ግን መበተኑን ቀጠለ። አድማሴ ቦርሳውን መሬት ላይ ሲዘረጋ ዘይነባ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰጠችው። የልጅነት የክትባት ጠባሳዋ እዚያው ይታያል፤ እሷን መርፌው አያስፈልጋትም ነበር። የሰጠችው ሰዉ እንዲያይ ነው። ያን ቀን አሥራ ሰባት ሰው ተከተበ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መቶ ሞላ።

ቀንዱን በማግስቱ ከጓሮዋ እሳት አንድዳ ጣለችበት። ማሩ ሲቃጠል ጣፋጭ ሽታ ሸተተ፤ እሷም ፊቷን አዞረች። አድማሴ አመድ እስኪሆን ቆሞ ጠበቀ፤ ሥራው ነውና።

ከመንደር ያባረራት አልነበረም። ግን እሳት ሊጫር ወደ ቤቷ የሚመጣም አልነበረም። ስለዚህ አድማሴ «ከእኔ ጋር ይዙሩ» ሲላት ብዙ አላሰበችም። በቅሎ የማይወጣውን ገደል በእግራቸው ወጡ። ሰው አድማሴን አይቶ የታመመ ልጁን ሲደብቅ፣ ዘይነባ ገብታ መደቡ ላይ ተቀምጣ ስታወራ ቆይታ፣ «እስቲ መዳፉን አሳዩኝ» ትላለች። ፈንጣጣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ይወጣል፤ እሱን የሚመስለው ጉድፍ ግን እዚያ አይደርስም። ካርዱን ሳያወጣ ታውቀዋለች።

ከሁሉ የከበደው ሌሎቹ ከታቢዎች ነበሩ። ከአጅባር ወዲያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አራጌ ይባላሉ። ቀንዳቸውን ለእሳት አልሰጥም ብለው ለሁለት ቀን እንቢ አሉ።

«ይሄ ልጅ ሳይወለድ እኔ አገር አድኛለሁ!»

«አድነዋል፣ አባ። እኔም አድኛለሁ» አለች ዘይነባ። «የገደልኩትን ልንገርዎ።» ነገረቻቸው። አበቡን በስሟ ጠራቻት። ሽማግሌው ሚስታቸውን ጠርተው «ያን ዕቃ አምጪው» አሏት።

በዚያው ዓመት መሬት ላራሹ ታወጀ፤ ተማሪዎች ለዘመቻ መጡ፤ አቶ ቢተው መሬታቸው ተወስዶ ወደ ደሴ ሄዱ። የቆላዎቹም ዝናብ ጥሎ አብዛኞቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። የተቀበሩት አሥራ አራቱ ከገበያው በላይ ባለው ጥድ ሥር ቀሩ። በስልሳ ስምንት ክረምት አድማሴ ሲመጣ በመካነ ሰላም ዙሪያም በተንታም ፈንጣጣ ካየ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። የሚዞረው የተወለዱትን ሕፃናት ለመከተብና ወሬ ካለ ለማጣራት ብቻ ነው። ዘይነባ እንደ ልማዷ ከመስኩ ዳር አብራው ተቀምጣለች። መርፌውን መያዝ ካስተማራት ቆይቷል፤ አሥራ አምስት ጊዜ ነካ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። ከእሱ ይልቅ እጇ እንደሚቀል እሱ ራሱ ይናገር ነበር።

እናቶቹ ተሰልፈው ሲመጡ ይታይሽ ከመጨረሻ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ ከሰቲት ተመልሶ፣ የሰባት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ከመስኩ ቀን ወዲህ ከዘይነባ ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ተራዋ ሲደርስ ዘይነባ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ፈቀቅ አለችላት። መርፌውን ለአድማሴ ሰጠችው።

ይታይሽ ልጁን ከነጠላው አወጣችው። ለአድማሴ አልሰጠችውም፤ ይዛው ቆመች። ልጁ ደንዳና ነበር፤ ክንዱ እጥፋት እጥፋት አለው።

«የእሱ እጅ ይሁን» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ዘይነባ ሳታይ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እርስዎ ይያዙልኝ» አለች።

ዘይነባ ተቀመጠች። ልጁን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደላደለችው፤ ክንዱን በአንድ እጇ፣ ደረቱን በሌላው ያዘች። መርፌው ሲነካው ጮኸ። ጠበቅ አድርጋ ይዛ «አብሽር፣ አብሽር፣ አለቀ» ትለው ነበር፤ ይታይሽም ጎንበስ ብላ እግሩን ያዘችላት።